«ግዴለም፣ እኔ አነሳላችኋለሁ» ከማለታችን በፊት

(በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ስብሰባ ላይ፣ ቤኤር ያዕቆብ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንናገረው ስለ ሰርግ ነው። ስለ ድግሱና ስለ ጭፈራው ሳይሆን፣ በእንግዶቹ መካከል ካሜራ አንግቶ ወዲያ ወዲህ ስለሚለው ልጅ ነው። በመካከላችን እንዲህ ያሉ ልጆች እየበዙ ነው። አንዳንዱ ከሠራዊት ሲወጣ ባገኘው ገንዘብ ካሜራ ገዝቷል፤ አንዳንዷ ገና ትምህርት ቤት ሳለች የጓደኞቿን ባት ሚጽቫ ማንሳት ጀምራለች። ከዚያ አንድ ዘመድ ይደውላል። «ልጄን ልድር ነው፣ አንተ ደግሞ ታነሳለህ አሉ፤ ለባዕድ ብዙ ሺህ ሸቅል ከምሰጥ አንተ ብታነሳልኝስ?» ይላል። ልጁም አፍሮ ወይም ደስ ብሎት «ግዴለም፣ እኔ አነሳላችኋለሁ» ይላል።

ይህ መልካም ነገር ነው። የሠፈር ልጅ በሙያው ሲደገፍ ደስ ይለናል። ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? ፎቶው ቢጠፋ፣ ልጁ ታሞ ቢቀር፣ መብራቱ ወድቆ አንዲት እናት ቢጎዱ፣ የእንግዳ ፎቶ ቲክቶክ ላይ ወጥቶ ሰው ቢያፍር፣ ምን ይሆናል?

መልሱን ከወዲሁ እንናገር። ሰርግ ለማንሳት እሺ ያለ ሰው ቃል ገብቷል። አማተር መሆኑ፣ ዘመድ መሆኑ፣ ዋጋ መቀነሱ ቃሉን አያጠፋውም። ሕግም ይህን ቃል ይቆጥረዋል። ይህን የምንለው ካሜራችሁን እንድትሰቅሉ አይደለም፤ ከመጀመሪያው አንድ ገጽ ወረቀት እንድትጽፉ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚሉት ለዚህ ለዚህ ነው።

ሰርግ የማይደገም ቀን ነው

ቧንቧ ሠሪ ቢሳሳት ነገ መጥቶ ያስተካክላል። ሰርግ ግን እንዲህ አይደለም። ኩባያዋ ከኹፓው ሥር የምትሰበረው አንድ ጊዜ ነው። ቄሶቻችን ባሉበት ሰርግ ደግሞ ነጩና ቀዩ የቀሸራ ክር በሙሽራው ግንባር ላይ የሚታሰርባት ደቂቃ አለች፤ ያቺ ደቂቃ ካለፈች አለፈች። ከጎንደር ገጠር የመጡ አያት ለልጅ ልጃቸው ሲመርቁ ያልተነሳ ፎቶ ነገ አይነሳም፤ አያትም ሁልጊዜ አይኖሩም።

ፍርድ ቤቶችም ይህን ያውቃሉ። በ1971 በስኮትላንድ አንዲት ሙሽራ የቀጠረችው ፎቶ አንሺ በሰርጓ ቀን ሳይመጣ ቀረ። ዳኛው ላዘነችበት ልብ ተብሎ 30 ፓውንድ ካሳ ፈረደላት። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጉዳዩ እስከ ዛሬ ድረስ የሕግ ተማሪዎች ይማሩታል። በተለምዶ ውል ለፈረሰበት ሰው ፍርድ ቤት የሚያስበው የኪሱን ጉዳት ነውና፤ እዚህ ግን የልብ ኀዘን ተቆጠረ።

ሌላው ከኒው ዮርክ ነው። በ2003 ያገባ አንድ ሰው ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ፎቶ አንሺዎቹን ከሰሳቸው። የሰርጉን የመጨረሻ 15 ደቂቃ፣ የመጨረሻውን ዳንስና የአበባ ውርወራውን፣ አላነሱልኝም አለ። ሰርጉን እንደገና ደግሶ ለማስነሳት 48 ሺህ ዶላር ይከፈለኝ ብሎ ጠየቀ። በዚያን ጊዜ ባልና ሚስቱ ተለያይተው ነበር! ነገሩ በ2011 ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው ሳቀ። ዳኛዋም አብዛኛውን ጥያቄ ውድቅ አደረገች፤ «ውል ፈርሷል» የሚለው ክፍል ግን እንዲቀጥል ፈቀደች። ለፎቶ አንሺዎቹ ያ ሁሉ የፍርድ ቤት ምልልስ የሚያስቅ አልነበረም።

ወደ አገራችን ወደ እስራኤል እንመለስ። ውል ሲፈርስ ስለሚሰጥ ካሳ የሚናገረው የ1970 ሕግ በአንቀጽ 13 ላይ፣ የውል መፍረስ ከገንዘብ ሌላ ጉዳት ካደረሰ ዳኛው ለዚያም እንደ ሁኔታው ተገቢ መስሎ የታየውን ካሳ ሊፈርድ ይችላል ይላል። ኀዘን፣ ቅሬታ፣ የጠፋ ትዝታ፣ ሁሉም በዚህ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «2 ሺህ ሸቅል ነው የተቀበልኩት፣ ቢበዛ 2 ሺህ እመልሳለሁ» ብሎ ማሰብ አደጋ አለው። ለመክሰስ ያለው ጊዜ ደግሞ በተለምዶ ሰባት ዓመት ነው፤ የ1958 የይርጋ ሕግ እንዲህ ይላል። ዛሬ ያነሳኸው ሰርግ ልጃቸው ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ሊከተልህ ይችላል ማለት ነው።

«ውል መቼ ፈረምን?»

ከወጣቶች ብዙ ጊዜ የምንሰማው መከላከያ ይህ ነው፤ «እኔ ምንም አልፈረምኩም።» የ1973 የውል ሕግ አንቀጽ 23 ግን ውል በቃልም፣ በጽሑፍም፣ በሌላ መንገድም ሊደረግ ይችላል ይላል። በዋትስአፕ «እሺ፣ በዚያ ቀን እመጣለሁ፣ 1,500» ብለህ ከላክህ፣ እሳቸውም አውራ ጣት ከመለሱልህ፣ ውል ተደርጓል ብሎ ለመከራከር በቂ ነገር አለ። ዳኛው ስልኩን ያያል።

እንዲያውም ያልተጻፈ ውል የሚጎዳው ፎቶ አንሺውን ነው። ለምን ቢባል፣ ስንት ፎቶ እንደተባለ፣ አልበም አለበት ወይስ የለበትም፣ ቪዲዮ ይጨመራል ወይስ አይጨመርም፣ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ይህ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የሙሽራው እናት የሚያስታውሱት አንድ ነው፣ ልጁ የሚያስታውሰው ሌላ። የማስረከቢያ ቀን ካልተነገረ ሕጉ «በተገቢ ጊዜ ውስጥ» ይላል፤ ተገቢ ጊዜ ደግሞ ለሙሽሮቹ አንድ ወር ነው፣ ፈተና ላለበት ተማሪ አምስት ወር። አብዛኛው የፎቶ ጠብ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፎቶው ጠፍቶ አይደለም፤ ዘግይቶ ነው፣ ስልክም ሳይነሳ ቀርቶ ነው።

«በነጻ ነው የሠራሁት» የሚለውስ? ገንዘብ አለመቀበል በውል በኩል ያለውን ክርክር ሊያቀለው ይችላል። ሰውን የመጉዳት ኃላፊነት ግን አይነሳም። በነጻ የቆመ መብራት ሲወድቅም ይመታል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ቃል። ልጅዎ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ በሕግ ፊት ገና አልጎለመሰም፤ የ1962 የሕጋዊ ችሎታና የአሳዳሪነት ሕግ እንደሚለው ለሚያደርገው ሕጋዊ ተግባር የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጅ ብቻዋን ሰርግ ለመቀበል መዋዋል የለባትም፤ አባት ወይም እናት አብረው ይወቁ፣ አብረው ይፈርሙ። በሌላ በኩል የጉዳት ሕጉ ከክስ ነጻ የሚያደርገው ጉዳቱን ሲያደርስ 12 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ነው። የ16 ዓመቷ ልጅ በቸልተኝነት እንግዳ ብትጎዳ «ልጅ ነች» ብቻ በቂ መልስ አይሆንም።

ፎቶው የማን ነው?

ይህን ብዙ ፎቶ አንሺ፣ ባለሙያ የሚባለውም ጭምር፣ በትክክል አያውቀውም። በተለምዶ የፎቶ ባለቤት ያነሳው ሰው ነው። በ2007 የወጣው የእስራኤል የቅጂ መብት ሕግ ግን በአንቀጽ 35 ላይ ለቤተሰብ ድግስ የተለየ ነገር አስቀምጧል። አንድ ሰው አዝዞ የተነሳ የቤተሰብ ወይም ሌላ የግል ዝግጅት ፎቶ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ የመጀመሪያው ባለ መብት ያዘዘው ሰው ነው።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? የሰርጉን ፎቶ አንስተህ፣ ሙሽሮቹን ሳትጠይቅ ማስታወቂያ ብታደርገው የሌላ ሰው ንብረት ተጠቀምክ ማለት ነው። አነሳሱ የአንተ ነው፣ ላቡም የአንተ ነው፤ መብቱ ግን የእነሱ ነው። ለአንተ የሚቀርልህ የስምህ መብት ነው፤ ፎቶው ሲወጣ እንደ ልማዱ ያነሳው ሰው ስም እንዲጠራ መጠየቅ ትችላለህ። ሥራህን ለሌላ ደንበኛ ማሳየት ከፈለግህ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከሰርጉ በፊት በወረቀቱ ላይ «ሙሽሮቹ የመረጧቸውን 20 ፎቶዎች ሥራዬን ለማሳየት እንድጠቀም ፈቅደዋል» የምትል አንዲት መስመር አስገባ። አብዛኛው ሙሽራ እሺ ይላል። የማይፈልግም አለ፤ መብቱ ነው።

ስለ ሙዚቃም እንናገር። አጭር ቪዲዮ ሠርተን የምንወደውን ዘፈን ከሥሩ አስገብተን ኢንተርኔት ላይ እንለቃለን። ዘፈኑም ባለቤት አለው። በእስራኤል ሕግ የቅጂ መብት ሲጣስ ጉዳት ሳይረጋገጥም ፍርድ ቤት ለአንድ ጥሰት እስከ 100 ሺህ ሸቅል ሊፈርድ ይችላል። ለሙሽሮቹ በግል የምትሰጡት አንድ ነገር ነው፤ በይፋ መልቀቅ ግን ሌላ ነው። ለዚህ ሥራ ተብለው በሕጋዊ ፈቃድ የሚሸጡ ሙዚቃዎች አሉ፤ እነሱን መጠቀም ይሻላል።

የእንግዶች ክብር

የእኛ ሰርግ ትልቅ ነው። ከሰሜን ከደቡብ ዘመድ ይመጣል፤ ከሙሽሮቹ ጋር የተዋዋልነው ግን እንግዶቹን አይጨምርም። እንግዳ ሊበላና ሊጫወት መጣ እንጂ ለማስታወቂያ አልመጣም።

የ1981 የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ሦስት ነገሮችን ከልክሏል፤ በቃላችን ልንይዛቸው ይገባል። አንደኛ፣ ሰውን በግል ቦታው ያለ ፈቃዱ ማንሳት፤ ሙሽራይቱ ልብስ የምትቀይርበት ክፍል እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ በሕዝብ ፊት የተነሳ ፎቶ ቢሆንም ሰውን በሚያዋርድ ወይም በሚያሳፍር ሁኔታ ማሳተም፤ አንድ አባት ደክሟቸው ሲያንቀላፉ ያነሳኸውን ከሳቅ ምልክት ጋር መለጠፍ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የሰውን ስም፣ ምስል ወይም ድምፅ ለጥቅም መጠቀም፤ አንዲት ወጣት ስትጨፍር የተነሳችውን ሳትጠይቃት ለሥራህ ማስታወቂያ ማድረግ ማለት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ጉዳት ሳይረጋገጥ እስከ 50 ሺህ ሸቅል፣ ሆን ተብሎ ከተደረገ ደግሞ እጥፉን፣ ፍርድ ቤት ሊፈርድ ይችላል።

ይህ የእስራኤል ሕግ ብቻ አይደለም። ወላጆቻችን በመጡበት አገር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 ላይ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ደንግጎ ነበር። እንግዲህ ስልክና ፌስቡክ ሳይኖር የሰው መልክ የራሱ መሆኑ ታውቆ ነበር ማለት ነው። በባሕላችንም ታላቅን ሰው ሳያስፈቅዱ ፊቱ ላይ ብልጭታ መብራት መተኮስ ነውር ነው።

ልጆችን በሚመለከት የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጅ ፎቶ ከመለጠፍህ በፊት ወላጁን ጠይቅ። «ሙሽራው ፈቅዶልኛል» አይበቃም፤ ሙሽራው የሰው ልጅ ወላጅ አይደለም።

ገመዱ፣ መብራቱና ድሮኑ

እስክስታው ሲጀመር ሁሉም ተነስቶ መሐል ይገባል። ሕፃናት ከሥር ይሮጣሉ። በዚያ መሐል የመብራት ማቆሚያ ካለ፣ ገመዱ ወለሉ ላይ ከተዘረጋ፣ አደጋ ሊመጣ መሆኑን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የጉዳት ሕጉ የሚጠይቀውም ይህንን ነው፤ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ ሊያየው የሚችለውን አደጋ ለመከላከል ተገቢውን ጥንቃቄ አድርገሃል ወይ?

ስለዚህ ገመድ በሰው መተላለፊያ አይዘርጋ፤ የግድ ከሆነ በሰፊ ፕላስተር ወለሉ ላይ ይጣበቅ። የመብራት ማቆሚያ ግድግዳ ሥር ይቁም፤ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ይደረግበት። በባትሪ የሚሠራ መብራት ካለ እሱ ይመረጥ። ጓደኛህን ረዳት አድርገህ ከወሰድክ የእሱ ስሕተት ወደ አንተ ሊመጣ እንደሚችል አትርሳ፤ ምን እንደሚሠራና የት እንደሚቆም ንገረው።

በየጊዜው ሰርግ የሚያነሳ ሰው ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ በዕብራይስጥ «ጻድ ግመል» ይሉታል። ሁለተኛው በሥራህ ስሕተት ለሚመጣ ጥያቄ ነው፤ «አሕራዩት ሚክጾዒት» ይባላል። አዳራሾች የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ካላመጣህ አታስገባም ሊሉ ይችላሉ፤ ለዚህም አስቀድሞ ወደ አዳራሹ መደወል ያስፈልጋል። የቤት ኢንሹራንስ ወይም የመኪና ኢንሹራንስ ይህን ሥራ ይሸፍናል ብሎ መገመት ስሕተት ነው፤ ወረቀቱን ማንበብ፣ ወኪሉን መጠየቅ ይገባል።

ድሮን ላላችሁ፤ ለገንዘብ የሚበር ድሮን ከሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አብራሪውም ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የእኛ ቤኤር ያዕቆብ ደግሞ ከቤን ጉርዮን አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ናት፤ አጠገባችንም የጽሪፊን የጦር ሠፈር አለ። «አንድ ደቂቃ ብቻ ከፍ ላድርገው» የሚባልበት ሰማይ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ሰው ድሮኑን ቤት ይተወው።

ገንዘብ ከተቀበልን

አጭር ነው፤ ግን አይዘለልም። በተደጋጋሚ ለገንዘብ የሚሠራ ሰው በሕግ ነጋዴ ነው። ለጀማሪ የሚመቸው «ኦሴክ ፓቱር» ሆኖ መመዝገብ ነው፤ የዓመት ገቢ ጣሪያው በ2024 120 ሺህ ሸቅል ነበር። ምዝገባው በሦስት ቦታ ነው፤ በማዓም፣ በማስ ሃኽናሳና በቢቱዋሕ ሌኡሚ። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይሰጣል። በሠራዊት ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የግል ሥራ ለመሥራት ከሠራዊቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እወቁ። ጠብ ተነስቶ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ዳኛው ከሚጠይቅህ አንዱ «ደረሰኝ ሰጥተሃል?» የሚለው ነው፤ ያን ጊዜ ዝም ከማለት አሁን መመዝገብ ይቀላል።

አንድ ገጽ ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ወረቀቱ አንድ ገጽ ይብቃው፤ በአማርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን ይጻፍ። ወላጆች የሚፈርሙትን እንዲረዱ፣ ዳኛም ካስፈለገ እንዲያነበው ነው። የሚከተሉት ስምንት ነገሮች ይግቡበት፦

1. የሁለቱ ወገን ስምና ስልክ፣ የሰርጉ ቀንና ቦታ፣ ፎቶ አንሺው የሚመጣበትና የሚሄድበት ሰዓት። ከሰዓቱ በላይ መቆየት ቢፈለግ ዋጋው ስንት እንደሆነም ይጻፍ።

2. ልምዱ በግልጽ። «ይህ የምሠራው ሦስተኛ ሰርግ ነው፤ የቀድሞ ሥራዬን አሳይቻለሁ» ተብሎ ይጻፍ። ጀማሪ መሆንን መደበቅ በኋላ ማታለል ሊባል ይችላል፤ መናገር ግን ይጠብቃል።

3. የሚረከበው ነገር፤ ቢያንስ ስንት ፎቶ፣ አልበም አለ ወይስ የለም፣ ቪዲዮ አለ ወይስ የለም።

4. የማስረከቢያ ቀን። ተስፋ አድርገን ሳይሆን አስበን እንጻፍ፤ አንድ ወር የሚበቃህ ከመሰለህ ሁለት ወር ጻፍ።

5. ዋጋና አከፋፈል፤ ስንት ቀብድ፣ ስንት በሰርጉ ቀን፣ ስንት ሲረከቡ።

6. ፎቶ አንሺው ቢታመም የሚተካው ሰው ማን እንደሆነ። ሰርጉ ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ ቀብዱ ምን እንደሚሆን። በ2020 በኮሮና፣ በ2023 ደግሞ በጦርነቱ ስንት ሰርግ እንደተላለፈ አይተናል። ማንም ሊገምተውና ሊከለክለው የማይችለው ነገር ሲመጣ ሕጉ የራሱ መፍትሔ አለው፤ አስቀድሞ የተስማሙበት ግን ከክርክር ያድናል።

7. ፎቶ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የካሳው መጠን። ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው የተስማሙበት ካሳ በሕግ ይታወቃል፤ ከሚገመተው ጉዳት ጋር ፈጽሞ የማይመጣጠን ከሆነ ብቻ ዳኛ ሊቀንሰው ይችላል። «ለምንም ነገር ኃላፊ አይደለሁም» ብሎ መጻፍ ግን አይጠቅምም፤ ለሁሉም ደንበኛ በተዘጋጀ አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ እንዲህ ያለውን ቃል የ1982 የወጥ ውሎች ሕግ ሚዛን የጎደለው አድርጎ ይገምተዋል፣ ፍርድ ቤትም ሊሰርዘው ይችላል።

8. ፎቶዎቹ የት ሊወጡ እንደሚችሉና የማን ፎቶ እንዳይወጣ።

አንዳንድ ወላጅ «ከዘመድ ጋር ወረቀት? ምን እምነት ቢያጣ ነው!» ይል ይሆናል። እኛ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ባዕድ ቢከስህ ገንዘብ ትከፍላለህ፣ ያልቃል። ከዘመድ ጋር በፎቶ የተጣላ ግን በልቅሶ ቤት ሲገናኝ አንገቱን ያዞራል፤ እናቶችም በማያውቁት ነገር ይኳረፋሉ። ወረቀቱ ዘመድነቱን እንዲጠብቅ ነው የሚጻፈው።

ከሰርጉ በፊት

«የሰርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባል ነገር በፎቶ አይሠራም። ካሜራው ሁለት ይሁን፤ ከሌለ መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል። ሁለት ሜሞሪ ካርድ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ ካሜራ ካለ ያንን መያዝ ይመረጣል። ማታውኑ ቤት ስትገባ ፎቶውን ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ሙሽሮቹ ተረክበው በጽሑፍ እስኪያረጋግጡልህ ድረስ ካርዱን አታጥፋ። ከሰርጉ ሳምንት በፊት ከሙሽሮቹና ከወላጆቻቸው ጋር ተቀመጥ፤ ቄሱ መቼ ይባርካሉ? ቀሸራው የት ይታሰራል? ከሩቅ የሚመጡ ሽማግሌ ማን ናቸው? በፍጹም መቅረት የሌለበትን ጻፍ። ሥርዓቱን የማያውቅ ፎቶ አንሺ ዋናው ነገር ሲያልፍ መነጽሩን ያጸዳል።

ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ «አልችልም» ማለትም ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ልጅ የ500 ሰው ሰርግ ብቻውን ባይቀበል ይሻላል። ልምድ ካለው ሰው ጋር ሁለተኛ ሆኖ መጀመር ይችላል፤ ሒናውን ማንሳትም ጥሩ መለማመጃ ነው። ለወላጆችም እንዲሁ፤ ለባለሙያ የሚከፈለውን አንድ አምስተኛ ከፍለን የባለሙያ ሥራ አንጠብቅ። በልጁ ላይ የምንጭነው ከሚችለው በላይ ከሆነ፣ የረዳነው መስሎን ጎዳነው ማለት ነው።

ከተበላሸስ?

ሁሉ ነገር ተደርጎም ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ያን ጊዜ ከሁሉ የከፋው መደበቅ ነው። ስልክ አለማንሳት፣ «በቅርብ ቀን» እያሉ ወራት ማሳለፍ ትንሹን ጉዳት ትልቅ ያደርገዋል። በዚያው ሳምንት ሂዱና ፊት ለፊት ንገሩ። ካርዱን አትነካኩት፤ የጠፋ መረጃ የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ፣ ብዙ ጊዜም ይሳካላቸዋል። የእንግዶችን የስልክ ፎቶ አሰባስቡ። ገንዘብ መልሱ። ሕጉም ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቃል፤ አብራችሁ ስትሠሩ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ከዚያ በኋላም ካልተስማማችሁ ሽማግሌ አለ። የሽምግልና ልማዳችን ለእንዲህ ያለው ነገር የተፈጠረ ነው። ግን ስትታረቁ እርቁንም ጻፉት፤ ስንት እንደተከፈለና ከእንግዲህ ማንም ማንንም እንደማይጠይቅ ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በትንንሽ ክሶች ፍርድ ቤት ነው፤ «ተቪዖት ክታኖት» የሚባለው። የገንዘብ ጣሪያው በየዓመቱ ይስተካከላል፤ በአሁኑ ጊዜ ወደ 40 ሺህ ሸቅል ይጠጋል። የክስ መክፈቻው ከተጠየቀው ገንዘብ አንድ በመቶ ነው። ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ ጠበቃ አይቆምም፤ ሁለቱም ወገን ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ለመክሰስ ቀላል ነው፤ ወረቀት ለያዘም ለመከላከል ቀላል ነው። ክስ ከደረሰህ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትክተተው። በጊዜው መልስ ካልሰጠህ፣ በቀጠሮው ካልቀረብክ፣ ሳትሰማ ሊፈረድብህ ይችላል። ዕብራይስጡ ለከበዳችሁ ወላጆች፣ በብዙ ከተሞች «ሺል» የሚባለው ነጻ የዜጎች ምክር አገልግሎት አለ። አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍል አለ። ዛሬ የተናገርነው አጠቃላይ ትምህርት ነው፤ የያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ሲመጣ ግን ጠበቃ ማማከር ይገባል።

ወጣቶች፣ ካሜራችሁን ያዙ። ከኢትዮጵያ የመጡት ብዙዎቹ ወላጆቻችን የሰርጋቸው ፎቶ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ያላቸው አንዲት የደበዘዘች ፎቶ ብቻ ናት። የዚህ ትውልድ ሰርግ፣ የሽማግሌዎቻችን ምርቃት፣ የቄሶቻችን መልክ በእናንተ እጅ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ይህን ያህል ከባድ አደራ ስለሆነ ነው ወረቀቱ ይጻፍ፣ ካርዱ ሁለት ይሁን የምንለው። ወላጆችም ልጆቹ ወረቀት ይዘው ሲመጡ አትቀየሙ፤ አንብቡ፣ ጠይቁ፣ ፈርሙ።

የሚቀጥለውን ሰርግ በደስታ ያድርገው።